ሃምሳኛዋ መርፌ

ዛሬ እንቅልፍ ብሎ ነገር የለም። ይኸው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሲጣደፍ እሷ ከሌሊት ፈረቃ ገብታ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዳ፣ ካልሲዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ላይ ተዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና እስከ መቶ ልትቆጥር ከራሷ ጋር ተስማምታ፣ አሥራ ሰባት ላይ ስትደርስ ስልኩ ጮኸ። አላየውም አለች። ደግሞ ጮኸ። አላየውም፣ ዛሬ ማታ ያ ሁሉ አንሶላ ይጠብቀኛል፣ ሳልተኛ ከሄድኩ ማጠፊያው ማሽን ጣቴን ነው የሚያጥፈው፣ ደግሞስ እኔ ምን ቆርጦኝ ነው አርባ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ እንደ ኮረዳ ስልክ አቅፌ የምገላበጠው፣ አለችና አየችው። ሰባ ሦስት። ሰባ ሦስት ሰው ግጥሜን አንብቦ ቃል ጽፎልኛል። ተነሥታ ተቀመጠች። ተመልሳ ተኛች። እንደገና ተነሣች። ሰባ ሦስት ሰው ቢሰበሰብ ይህች ክፍል አትችለውም፤ ወንበር ያላት አንድ ነው፣ እሱም ላይ የታጠበ ልብስ ተቆልሎበታል።

ነገሩ የተጀመረው በዓይኗ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ፣ የማታውቀው በሽተኛ የተኛበትን አንሶላ ስታጥፍ፣ የተቀደደውን ለይታ ስትጠግን ኖራለች። የልብስ ሰፊ ልጅ መሆኗን የሰማችው አለቃዋ በገባች በወሩ ነው መርፌና ክር ያስያዘቻት። ትናንት ሌሊት ግን መርፌው ቀዳዳ የሌለው ይመስል ክሩ አልገባም አለ። ምራቅ አስነካችው፣ ጫፉን በጥርሷ ቀጨችው፣ ወደ መብራቱ አንጋጠጠች፤ ክሩ በግራም በቀኝም ያልፋል እንጂ መሐሉን አያገኘውም። አለቃዋ አይታት፣ መነጽር የምትገዢበት ዕድሜ ላይ ደርሰሻል አለቻት፤ ክፋት የለውም፣ ፈገግ ብላ ነው። እሷ ግን መርፌዋን እንደያዘች ቀረች። ይህን አቀማመጥ ታውቀዋለቻ። ይህ የአባቷ አንገት ነው፣ ወደ በሩ ብርሃን ዞሮ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ክሩን እያሳደደ፣ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ፣ «ጣቴ፣ ነይ እስቲ» የሚላት። ጣቴ ብሎ የሚጠራት እሱ ብቻ ነው። ትምህርት ቤት ልትሄድ ስትል፣ ልትተኛ ስትል፣ እንግዳ ፊት ተቀምጣ ሳለች፣ የአባቷን መርፌ ክር የምታስገባው እሷ ነበረች። ወደ ሰው አገር ልትሄድ አንድ ሌሊት ሲቀራት ሻንጣዋን ትታ ቁጭ ብላ ሃምሳ መርፌ ክር እያስገባች፣ በጥቁር ኮቱ ኮሌታ ሥር ደርድራ ሰካችለት፤ ሃምሳው ሳያልቅ እመለሳለሁ ብላ። የመጨረሻዋ ላይ ጥቁሩ ክር አለቀባትና ከአሮጌ ዩኒፎርም የተረፈ አረንጓዴ አስገባች። አልተመለሰችም። የመኖሪያ ወረቀቷን የያዘው መሥሪያ ቤት በሄደች ቁጥር፣ ፋይልዎ በሂደት ላይ ነው ይላታል ያ መስኮት፤ አሥራ አንድ ዓመት በሂደት ላይ፤ እስኪያልቅ ከአገር ወጥቶ መግባት ክልክል ነው፤ ሂደቱ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቁት ደግሞ እግዜርና ያ መስኮት ናቸው።

ግጥሙን የጻፈችው በሻይ ዕረፍቷ ነው፣ ከልብስ ጆንያው ላይ በሚንጠለጠለው ካርቶን ጀርባ፣ በሃያ ደቂቃ። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ እየጻፈች መሳቢያ ውስጥ ስትወረውር የኖረች ሴት ዛሬ ምን እንደነካት እንጃ፣ አውቶቡስ ላይ ተቀምጣ በስልኳ ገለበጠችውና፣ ሠላሳ ሺህ የግጥም ወዳጅ አለበት በሚባለው ግሩፕ ውስጥ፣ ስሟን ትታ፣ ከፎቶዋ ጋር «የልብስ ሰፊው ልጅ» ብላ ለጠፈችው።

ሃምሳ መርፌ ክር አግብቼ ሰካሁልህ ከኮትህ ላይ፣
ዓይንህ እንዳይቸገርብኝ እኔ ርቄ ስሄድ ሳልታይ።
አንድ በአንድ ስትነቅላቸው ዓመት ደግሞ በዓመት ሲነጉድ፣
የኋለኛዋ ስታልቅብህ ማን ያስገባል ከሩቅ መንገድ።
ሃምሳኛዋም አለቀችና መኪናህ ጸጥ እረጭ አለ፣
ክር የሚያስገባ ጣቴ ግን በሰው አገር ቆሞ ዋለ።

አረንጓዴውን ክር አላነሣችውም፤ አረንጓዴ ቤት አይመታላትም። መጨረሻው ደግሞ ከየት እንደመጣ እሷም አታውቅም። የአባቷ የስፌት መኪና ጸጥ አላለም፣ ሰውየው በሰባ ስምንት ዓመቱ ዛሬም ሱሪ ያሳጥራል፤ «አለ» እና «ዋለ» ተገናኙላት፣ ደስ አላት፣ ተወችው።

መጀመሪያ የመጣው ቃል የሌለው ጭብጨባ ነው። እሱን እንኳ ከአውቶቡስ እስክትወርድ አራት ጊዜ አይታዋለች። ቀጥሎ አንዲት ሴት፣ ቢሮ ቁጭ ብዬ አንብቤው አለቀስኩ፣ አለቃዬ ምን ሆነሽ ነው ሲለኝ ጉንፋን ነው አልኩት፣ ብላ ጻፈች። አንዱ፣ ይህን ግጥም ከየት ነው የቀዳሽው፣ የራስሽ ከሆነ ማስረጃ አምጪ አለ፤ ይህን ስታነብ ትራሷን አቅፋ ሳቀች፣ ሌባ እስኪሏት ድረስ ጽፋለች ማለት ነው። አንዱ የፀጉር ቅባት ማስታወቂያ ለጠፈባት፣ እሱንም አመሰገነችው። ከዚያ በፎቶው ላይ ክራባት ያሰረ አንድ ጡረተኛ መምህር መጣ፦ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሁለት ቀለም ተርፏል፤ ቢሆንም ስሜት አለው፤ በርቺ። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ በጣቷ ቆጠረች። ሁለት ተርፏል፣ እውነቱን ነው። እንዴት ያለ ደስታ ነው ይህ፤ አንድ የማላውቀው ሰው፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ምናልባት ቁርሱን ሳይበላ፣ የኔን ቀለም አንድ ሁለት እያለ ቆጠረልኝ። እስከ ዛሬ የሚቆጠርልኝ የታጠፈ አንሶላ ነበር። ከሁሉም የበለጠባት ግን የአንድ ሽማግሌ ነው፦ እኔ ሰማንያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሦስት ልጆቼ በሦስት አገር ናቸው፤ ያነበበችልኝም የምትጽፍልኝም ምራቴ ነች፤ ስፌት አላውቅም፣ ግን ገባኝ። ግን ገባኝ የሚለውን አሥር ጊዜ ሳታነበው አልቀረችም።

ሞት የመጣው በሰባ አራተኛው ነው። አንድ ደግ ሰው፣ መቼም ደግ ነው፣ አባትሽን ነፍስ ይማር፣ አንቺንም ያጽናሽ ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው ግጥሙን ትቶ እሱን ነው የሚያነበው። ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር፣ እኔም አባቴን በዚህ ዓመት ነው ያጣሁት፣ በገነት ያሳርፍልሽ። መቶ ሃያ ሆነ፣ ሁለት መቶ ሆነ፤ ዓይኗ እያየ እንደ ወተት ገነፈለ። አባቴ አልሞተም ብላ ጻፈች። አጠፋችው። አልሞተም ካልኳቸው ምን ሊሉኝ ነው፣ ታዲያ ምን አስለቀሰን ሊሉ አይደል? ያቺ የጉንፋኗ ሴትዮ እንባዬን መልሺ ብትለኝስ? ትንሽ ልቆይ፣ ሦስት መቶ ይሙላና እነግራቸዋለሁ። ሦስት መቶ ሞላ። ሌላ ትንሽ ልቆይ። አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም አለች፤ ዝም ያለችው ስለጣፈጣት ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ሰው የአባቱን ሞት እንደ ከረሜላ በምላሱ ያገላብጣል ወይ? ያገላብጣል፤ ይኸው አገላበጠች።

ያን ጊዜ ነው የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ብቅ ያለችው። ይህች ሴት ከአባቷ ሱቅ ፊት ለፊት ሠላሳ ዓመት ዳቦ ስትሸጥ የኖረች፣ በዱቄት እጇ ጉንጯን ቆንጥጣ ያሳደገቻት ናት፤ እሷም የሴትዮዋን ፎቶ አይታ ወዲያው ለየቻት። ጽሑፉ አጭር ነው፦ እኔም አሁን ሰማሁ የኔ ልጅ። አይዞሽ። በሰው አገር ብቻሽን እንዳታለቅሺ።

እኔም አሁን ሰማሁ? ከማን ነው የሰማችው? ሌላው ሁሉ የሰማው ከግጥሙ ነው፤ ይህች ግን የሰፈር ሰው ናት፣ ከበሩ ፊት ለፊት ናት፣ ይህች የምትሰማው በጆሮዋ ነው። ባለፈው እሑድ ስትደውል አባዬን አገናኚኝ ብላ እህቷን ጠይቃ፣ ተኝቷል ተባለች። የዚያን ፊተኛ እሑድም ወጣ ብሏል ተባለች። በዚያ ጉልበቱ ወዴት ነው ወጣ የሚለው? ወገኖቿ ደግሞ እንዴት እንደሚያደርጉ ታውቃለች፤ በሰው አገር ያለ ሰው ብቻውን እንዳይሰማ፣ አዳሩ፣ አበላሉ ሁሉ ታስቦ፣ ሰው እስኪላክለት ድረስ መርዶ ይደበቅለታል። ይኼ የአውቶቡስ ሾፌር ወዳጇ፣ እናቱ ከሞተች አምስት ወር ሙሉ በደወለ ቁጥር ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች ሲሉት ከርመዋል። በዓለም ላይ እንደ እናቴ ቤተ ክርስቲያን የሳመ የለም ይላል ዛሬ። አንድ ቀን ጨቅጭቆ ድምጿን ካልሰማሁ ሲል ደግሞ አክስቱን እናቱን አስመስለው አገናኝተውታል፤ ጉንፋን ይዞኝ ነው ብላ ስትስልለት፣ ማር በሎሚ ጠጪ ብሎ መክሯት ዘጋ። ሲነግራት ስቃ ነበር ያኔ። እህቷ ጋ ደወለች፤ ዝግ ነው። ደወለች፤ ዝግ ነው አለች ያቺ መስመር ላይ የምትኖረው የተቀረጸች ሴትዮ፣ ሁሌም በዚያው ደስታ። አሟረትኩበት። የአባቴን መኪና ጸጥ አሰኘሁት፣ ቤት እንዲመታልኝ ብዬ፣ «አለ» እና «ዋለ» እንዲገናኙልኝ ብዬ፤ እግዜር ደግሞ ግሩፑ ውስጥ ኖሮ አነበበው።

የበሩ ስልክ የጮኸው በዚህ መሐል ነው። እዚህ ቤት ሦስት ዓመት ስትኖር አንድም ቀን ጮኾ አያውቅም፤ ድምፁን የምታውቀው ከጎረቤት ቤት ነው። ግድግዳው ላይ ሦስት ቁልፍ አለው፣ አንዱ ያናግራል፣ አንዱ ይከፍታል፣ አንዱ ምድር ቤት ያለውን ጥበቃ ይጠራል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያስረዳው ወረቀት ገና ስትገባ ጠፍቷል። ጥበቃውን ጠራችው። ይቅርታ አለችው። ደግሞ እሱኑ ጠራችው። በመጨረሻ የታችኛው በር ሲከፈት ተሰማትና የራሷን ክፍል በር ገርበብ አድርጋ ጆሮዋን ወደ ደረጃው ጣለች። አራት ፎቅ ነው። እግር ይሰማል። አንድ እግር አይደለም፣ ሁለትም አይደለም። አንድ ሰው ቢሆን እንግዳ ነው፤ ሦስት ሰው ሳይደውል፣ በጠዋት፣ ተያይዞ፣ ሳያወራ ደረጃ ሲወጣ መርዶ ነው።

የመጡት ሾፌሩ፣ እሷ በምትሠራበት ሆስፒታል ላይኛው ፎቅ ያለችው ነርስ፣ ከኋላ ደግሞ እያለከለኩ ሊቀመንበሩ ናቸው፤ አሥራ አንድ አባላት ያሉት ማኅበራቸው ሊቀመንበር፣ በስብሰባ ቀን ከሚመጡት ይልቅ የማይመጡትን ስም ሲያነቡ ጊዜ የሚያልቅባቸው። ሦስቱም ጥቁር ለብሰዋል። ሳሟት። ወንበሩ ላይ ያለውን ልብስ የሚያነሣ አልተገኘም፣ አልጋዋ ላይ በተርታ ተቀመጡ፤ እሷ ፊታቸው ቆመች። ሾፌሩ ኮፍያውን ያዞራል፣ ነርሷ መሬት መሬት ታያለች። እነሱ የሚጠብቁት እሷ እንድታለቅስ ነው፤ ግጥሙን አንብበው፣ አባቷ መሞቱን የሰማች፣ ብቻዋን ስታነባ ያደረች መስሏቸው ለቅሶ ሊደርሱ ነው የመጡት። እሷ ደግሞ የምትጠብቀው እነሱ እንዲነግሯት ነው። እንዲህ ሆነው ተያዩ። በመጨረሻ እሷ ተሸነፈች።

«መቼ ነው?» አለች።

ሾፌሩ፣ ያልታደለ ሰው፣ እንደ ጥያቄው በቅንነት መለሰ። «እኛ የሰማነው ዛሬ ጠዋት ነው።»

መሬት ላይ ቁጭ አለች። ነርሷ ደርሳ ያዘቻት፣ ሾፌሩ አለቀሰ፣ ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሁላችንም መንገደኞች ነን ብለው ጀመሩ። እሷ መሬት ላይ ሆና የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባዬ፣ አውቶቡስ ላይ ቀበርኩህ፣ መነጽር ስላልነበረኝ ቀበርኩህ፣ ለሦስት መቶ ሰው ጭብጨባ ሸጥኩህ፣ አንተም እንደ ልማድህ እሺ ብለህ ሞትክልኝ። ስልኳ ከአልጋው ሥር ሆኖ ይጮኻል። ሌላ ነፍስ ይማር ነው ብላ ተወችው። አልተወም። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ አወጣና የእህቷን ስም አይቶ፣ ፊቱን ዞር አድርጎ ሰጣት።

እህቷ ደህና ነሽ ወይ እንኳ አላለችም። ምን ዓይነት ጉድ ነው ያመጣሽብን ብላ ጀመረች፤ ከኋላዋ የሰው ጫጫታ ይሰማል። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ፣ አምና ከሰፈር ለቃ ልጇ ዘንድ ከተማ ዳር የገባችው፣ ያን ግጥምሽን አንብባ፣ ነፍስ ይማሩን ሁሉ አይታ፣ ለኔ ሳይነግሩኝ ወዳጄ ሞተ ብላ፣ መንገድ ላይ ያገኘችውን ሁሉ አስከትላ በታክሲ መጥታ በራችን ላይ እሪ አለች፤ የከፈተላት ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው፣ አባዬ ራሱ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፤ እሱን ስታይ ወደቀች፣ አሁን ውሃ እየረጨንባት ነው፤ ስልኬንም ለቀስተኛው ሲያጨናንቀው ዘግቼው ነበር። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አለችው።

«አባዬን አገናኚኝ» አለች እሷ።

እህቷ አሁን አይመችም አለች። ኧረ ድምፁን ካልሰማሁ ስትላት ጥቂት ተንሾካሾኩና አንድ የሽማግሌ ድምፅ መጣ። ፊደሉ ሁሉ ከአፉ እየሾለከ የሚወድቅ፣ ለስላሳ፣ ነፋስ የበዛበት፣ በዕድሜዋ ሰምታው የማታውቀው ድምፅ። ደህና ነኝ ልጄ፣ አለሁ፣ አለ። የሾፌሩ አክስት ትዝ አለቻት።

«አንተ አባዬ አይደለህም» አለች። «ማን ነህ?»

ሰውየው ሳቀ። ሳቁም ነፋስ ነው። ጥርሱን አስነቅሎ ነው፣ ሁሉንም፣ ሦስተኛ ሳምንቱ፤ አዲሱ እስኪሠራለት እንደ ሕፃን እየተንተባተበ ልጁን ላለማናገር ነው እሑድ በመጣ ቁጥር የሚደበቀው። ይህን ሲያስረዳት አላመነችም። ጣቴ ብሎ ጠራት፣ እህቴ ነግራህ ነው አለችው።

«ግጥምሽን እህትሽ አነበበችልኝ» አለ። «ውሸት አለበት። ሃምሳኛዋ አላለቀችም። ጥቁሩ ኮቴ ላይ ናት፣ ኮሌታው ሥር። ክሯ አረንጓዴ ነው።»

ይህን በግጥሙ ውስጥ አልጻፈችውም። ለማንም አልነገረችውም። አረንጓዴውን የሚያውቁት እሷና ያን ኮት የለበሰው ሰው ብቻ ናቸው። አባዬ፣ አለች፤ ከዚያ በኋላ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ነገር ከሆዷ ወጣ፤ ነርሷ ደንግጣ እጇን ይዛ የልብ ምቷን መቁጠር ጀመረች። አለ፣ አባቴ አለ፣ አልሞተም፣ ስትላቸው ሦስቱም እርስ በርስ ተያዩ። ሐዘን ሲጸና እንዲህ ያደርጋል አሉ ሊቀመንበሩ በሹክሹክታ። ሾፌሩ ግን ቆፍጠን ብሎ ተነሣ፤ ስልኩን ለኔ ስጪኝ፣ ይህን ሥራ እኔ አውቀዋለሁ አለ። ተቀብሎ፣ እንደምን አደሩ ብሎ፣ ስም፣ ዕድሜ፣ የሱቁን በር ቀለም ጠየቀ፤ በመጨረሻ፣ አባባ፣ ይቅርታ፣ እስቲ አንዴ ይሳሉ አለ። ሰውየው ምክንያቱን ሳይጠይቅ ሳለለት። ሾፌሩ አድምጦ፣ እውነተኛ ነው ብሎ ስልኩን መለሰ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄዶ የጋረደችውን ብርድ ልብስ ገለጥ አድርጎ ረጅም ጊዜ ወደ ውጭ አየ።

ከዚያማ ቤቱ ሌላ ሆነ። ብርሃን ገባ። ነርሷ ሻይ አፈላች፣ ሊቀመንበሩ ጫማቸውን አወለቁ፣ ስልኩ በድምፅ ማጉያ አልጋው መሐል ተቀመጠ። አባቷ አንድ ነገር ብቻ ነው ማወቅ የሚፈልገው፦ ስንት ሰው አለቀሰልኝ? አምስት መቶ አሥር አለችው። አይ ያጋነንሽው ነው አለ፣ ደስታው ግን በባዶ ድዱ መሐል አምልጦት ወጣ። አንብቢልኝ አላት። ለሞተ ሰው የሚባለውን ሁሉ በቁሙ አነበበችለት። እያንዳንዱ ላይ አስተያየት አለው። ደግ ሰው ነበሩ ያለውን፣ ይኼ አያውቀኝም አለ። ሰፈራችን አንድ ምሰሶ አጣ ያለውን ስሙን ሲሰማ፣ እሱማ ሱሪውን ሰፊ ነው ብሎ መልሶብኝ የሄደ ነው፣ አሁን ነው ምሰሶ የሆንኩት አለ። ጡረተኛው መምህር ሁለት ቀለም ተርፏል ማለቱን ስትነግረው፣ ትርፉን መቁረጥ ነው እንጂ፣ ልብስም እኮ እንደዚያው ነው አለ። የሰማንያ ሁለት ዓመቱን ሽማግሌ ስታነብለት ግን ምንም አላለም። ስልኩ የተቋረጠ መስሏት ሃሎ አለች።

«አለሁ» አለ። «ለእሱ ጥሩ አድርገሽ መልሺለት። ስፌት ለማያውቅ ሰው በደንብ ገብቶታል።»

ልትነግረው ይገባል፤ አሁን ካልነገረችው ሌሊት አንሶላ መሐል ሆና ነው የሚበላት። ሦስቱ እንግዶች ቢሰሙም ይስሙ። አባዬ፣ አለችው፣ ሞቷል ሲሉ አይቼ ዝም አልኳቸው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ፤ ጣፍጦኝ ነው። ነርሷ ብርጭቆውን አስቀመጠች።

«በጣም ነው የጣፈጠሽ?»

«በጣም» አለች።

«እንግዲያው ጻፊ» አላት። «ግን ለሚቀጥለው ሌላ ሰው ፈልጊ። እኔ አንዴ ሞቼልሻለሁ።»

ሾፌሩ በሳቅ ሻዩ ትን አለው። ሊቀመንበሩ፣ እስከ ዛሬ በስብሰባ ላይ ሲስቁ ታይተው የማያውቁት፣ አልጋው ላይ ወደ ኋላ ተጋደሙ። በዚያኛውም ወገን ሰው ይስቃል፤ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ነቅታ ማን ነው የሚያስቃችሁ ስትል ይሰማል። ሁካታው በረድ ሲል ከምሥራቹ ጀምሮ ልቧ ውስጥ የሚመላለሰውን ጠየቀችው፦ አርባ ዘጠኙን ከሰፋህ ሃምሳኛዋን ምን ብለህ አስቀረሃት? አርባ ዘጠኙ በመንፈቅ ነው ያለቁት አላት፣ ከዚያ ወዲህ የምታስገባልኝ እህትሽ ናት፣ ብታስገባም እየተማረረች ነው። ያቺኛዋን አንድ ሁለቴ ነቅያት አውቃለሁ። መልሼ ሰካኋት። አሁንማ ዝጋለች፣ ብትፈልጊም አትሰፋም።

«ለምን መልሰህ ሰካሃት?» አለችው።

«እሷ እዚያ እስካለች ድረስ» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ፊደሉ እንዳይወድቅበት እየተጠነቀቀ፣ «ክር ልታመጪ ጓዳ የገባሽ ነው የሚመስለኝ።»

እህቷ ስልኩን ተቀብላ፣ በይ ያንን ነገር አሁኑኑ አስተካክዪ፣ ሌላ ለቀስተኛ ሳይመጣብን፣ ብላ ዘጋች። እሷ ስልኩን በክንዷ ርዝመት አርቃ ያዘችው፤ ቀርቦ አይታያትም፣ ነገ መነጽር ትገዛለች። ከግጥሙ ሥር ጻፈች። አባቴ አለ። ሃምሳኛዋም አለች፤ ክሯ አረንጓዴ ነው። መጨረሻውን መልሼ እጽፈዋለሁ። ላከችው። የሚሉትን ለማየት አልጠበቀችም። ሾፌሩና ነርሷ ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራሉ፣ ሊቀመንበሩ አልጋዋ ላይ ሸለብ አድርጓቸዋል፤ እሷ በተረፈው ጥግ ላይ ጋደም አለች፣ ዓይኗን ጨፍና መቁጠር ጀመረች፣ አሥራ ሰባት ላይም አልደረሰች።